ካርድ ያልወሰደ ሁሉ አገር የለውም?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የተከበራችሁ የሆሳዕና፣ የሾኔ፣ የዱራሜ፣ የሺንሺቾና የአካባቢው ጀመዓዎች!

መስከረም 27 ቀን 2005 ዓ.ም. «የመጅሊስ ምርጫ» በየቀበሌው ከተካሄደ በኋላ ሰፈራችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ካርድ የወሰደው «አገር ወዳድ»፣ ያልወሰደው «አክራሪ» ይባል ነበር። በዚያን ሰሞን ከቁርኣን ትምህርት በኋላ አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ደረሳዬ ጓደኞቹ እስኪወጡ ጠብቆ፣ «ኡስታዝ፣ አባቴ ካርድ ስላልወሰደ አገሩን አይወድም ተባልኩ። እውነት ነው?» አለኝ። አባቱን አውቃቸዋለሁ። ባድመ ዘምተው ቆስለው የተመለሱ ሰው ናቸው፤ እስከ ዛሬ ሱጁድ የሚወርዱት በአንድ ጉልበታቸው ነው። ለልጁ የመለስኩለትን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መጀመሪያ፣ መጅሊስ መንግሥት አይደለም። መጅሊስ የሙስሊሙ ሃይማኖታዊ ተቋም ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም ይላል። እኛ የጠየቅነው ይኸው እንዲከበር ነው፤ የሃይማኖት መሪዎቻችንን በመስጂዳችን እንምረጥ፣ አሕባሽ በግድ አይጫንብን፣ አወሊያ ለሕዝቡ ይመለስ። ከሦስቱ ጥያቄዎች አገር የሚያፈርስ የቱ ነው? የእኛ ጎረቤቶች ብዙዎቹ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አማኞች ናቸው። እስቲ ጠይቋቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችሁን ሽማግሌዎች ቀበሌ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ምረጡ ቢባሉ ይሄዳሉ? እኔ ጠይቄያለሁ። አንድ ጎረቤቴ ሳቁና «እግዚአብሔር ያውጣችሁ» አሉኝ። አልሄድም ቢሉ እሳቸውን ከሃዲ የሚል ማንም የለም። ለእኛ ሲሆን ለምን ይለወጣል?

ደግሞስ መምረጥ በሕግ መብት ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። በመብቱ ያልተጠቀመ ሰው «ለምን አልተጠቀምክም» ተብሎ የዜግነት ፈተና አይፈተንም። ቤቴ ድረስ የመጣው ሰው ግን «ስምህን እንይዛለን» ነበር ያለኝ። ስም እየያዙ የሚያስመርጡት ምርጫ ምርጫ ይባላል?

ሁለተኛ፣ ይህ «አገር የላችሁም» የሚባል ነገር አዲስ አይደለም። አያቶቻችን በንጉሡ ዘመን «በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች» ነበር የሚባሉት። እንደ እንግዳ፣ እንደ ተከራይ ማለት ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ሕዝብ አዲስ አበባ ላይ ወጣ፤ ክርስቲያን ወንድሞችም አብረው ወጡ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ይኸው ስም ነበር፤ «ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች እንጂ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች አይደለንም» አሉ። በዚያ ትግል የተገኘውን ስም በአንድ ቁራጭ ካርድ ሊነጥቁን ፈለጉ። አንሰጥም።

የሃዲያ ሕዝብም ይህን ነገር ያውቀዋል። በ1992ቱ ምርጫ እዚህ ሕዝቡ ተቃዋሚውን ስለመረጠ ምን እንደደረሰበት ታላላቆቻችን አይረሱትም። ያኔ ሙስሊም፣ ክርስቲያን አልተለየም። እንደ ተጠበቀው ያልመረጠ ሰው ጠላት የሚባልበት አገር ውስጥ በ2005 የእኛ ተራ ነበር፤ ነገ የሌላው ይሆናል።

ሦስተኛ፣ ስለ አገር ፍቅር ከዲናችን እንማር። «አገርን መውደድ ከኢማን ነው» የሚለውን ብዙ ሰው ሐዲስ ነው ብሎ ይጠቅሳል፤ ዑለሞች ግን ሐዲስ አይደለም ብለዋል። ሐሰት ሳንጨምር የምንናገረው በቂ አለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መካን ለቅቀው ሲወጡ ከአላህ ምድር ሁሉ ለእሳቸው የተወደደች እርሷ እንደሆነች፣ ሰዎቿ ባያስወጧቸው ኖሮ እንደማይወጡ ተናግረዋል። አባራሪዎቹ ቁረይሾች ከተማዋ የእኛ ናት ይሉ ነበር። የበለጠ የሚወዳት ግን ተባራሪው ነበር።

ወደዚህች ሐበሻ የተሰደዱትን ሰሃቦችም አስታውሱ። ነጃሺ ላይ ጠላት በተነሣ ጊዜ እንዲያሸንፍ ዱዓ ሲያደርጉ እንደነበር ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ነግረውናል። ዙበይር (ረ.ዐ) ከሁሉም ልጅ ነበሩ፤ በተነፋ ስልቻ ወንዙን ዋኝተው ተሻግረው የጦሩን ውጤት አይተው፣ ነጃሺ ማሸነፉን አበሰሩ። እንግዳ ሆነው ነው ይህን ያደረጉት! እኛስ እትብታችን እዚህ የተቀበረው? ነገር ግን እነዚያው ሰሃቦች ንጉሡ ፊት ቀርበው ስለ ዒሳ (ዐ.ሰ) ሲጠየቁ እውነቱን ለመደበቅ አልሞከሩም። ጀዕፈር (ረ.ዐ) የሚያምኑትን ተናገሩ። ለአገሩ ዱዓ ማድረግና ለባለሥልጣኑ እውነቱን መንገር በአንድ ሰው ልብ ውስጥ አብረው ይኖራሉ። የአገር ወዳድ ትርጉም ከዚህ ውጭ ከሆነ አድርባይነት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን። ወንድሞቼ፣ ይህን ስጽፍ ሁላችሁም እንደማትደሰቱ አውቃለሁ። ካርድ የወሰደውን ወንድማችሁን «ሙናፊቅ» ያላችሁ አላችሁ። ሰላምታ የነሳችሁት አላችሁ። በእድር ጎን ለጎን ላለመቀመጥ ወንበር የቀየረም አይቻለሁ። ይህ ሐራም ነው! ከሄዱት መካከል ሴፍቲኔት ይቀርብኛል ብሎ የፈራ አለ፤ ማዳበሪያ የሚከለከል የመሰለው አለ፤ ልጁ ሥራ እንዳያጣ የሰጋ አለ። አምኖበት የሄደም ይኖራል፤ የልቡን የሚያውቀው አላህ ነው። ቀበሌው በካርድ ከፋፈለን ብለን እየጮህን እኛው በካርድ ከተከፋፈልን፣ ያሰቡትን ሠራንላቸው ማለት ነው።

ባንዲራውንም አንጥላ። የባንዲራው ዓርማ በሕገ መንግሥቱ የብሔሮችና የሃይማኖቶች እኩልነት ምልክት ተብሏል። ታዲያ እኩልነት የጠየቀ ሰው ምን ብሎ ይጠላዋል? ለሌላ ሰው አሳልፈን የምንሰጠው ነገር አይደለም።

በያሆዴና በመሳላ ጎረቤቶቻችን ቤታቸው ጠርተውናል፤ ለእኛ ለብቻ አስበው አዘጋጅተዋል። አረፋ ሲደርስ ደግሞ የእኛ ተራ ነው። እንጥራቸው። ስለ እኛ ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰሙ ከእኛ ይስሙ። ካርድ የወሰደውን ወንድማችሁንም ከዒድ ሶላት በኋላ ቀድማችሁ ሰላም በሉት፣ ከኡድሒያውም ድርሻ ላኩለት። በሐምሌ 2004 ታሥረው የነበሩትን ኮሚቴዎቻችንን በዱዓ አትርሷቸው። ድንጋይ የሚያነሣ ከእኛ አይደለም፤ ጥያቄያችን ሰላማዊ ነው፣ ሰላማዊ ሆኖም ይቀጥላል።

ለደረሳዬ የመለስኩት አጭር ነበር። «አባትህ ለዚህች አገር ጉልበቱን ሰጥቷል። ካርድ ያልወሰደው አገሩ ቃሏን እንድትጠብቅ ስለሚፈልግ ነው። አገሩን የሚጠላ ሰው ይህን ከእሷ አይጠብቅም።»

ድምፃችን ይሰማ!

አላሁ አክበር!