ያለ ቶርታ ልደት አይከበርም ያለው ማነው?

ወገን፣ ነሐሴ ገብቷል፤ ኮክ መንገዱን ሞልቶታል። ጀሞ ብትሉ ሳሪስ፣ እናቶች በዝናብ ላስቲክ ዘርግተው መደብ መደብ አድርገው ይሸጣሉ። እኛ እነሱን አልፈን ኬክ ቤት እንገባና ክሬም የተለሰነ ቶርታ ተሸክመን እንወጣለን።

ባለፈው የጋገርኩትን የኮክ ኬክ ፎቶ ስለጥፍ የመጣውን አስተያየት አይታችኋል። «ቲቸር፣ ኦቨን የሌለው ምን ይዋጠው?» «ኬክ የፈረንጅ ነው።» «ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል?» ለሦስተኛው መልስ የለኝም፤ ሌሊት ዳቦ ቤት ገብታችሁ ማን እንደሚጋግር እዩ።

የፈረንጅ ነው ላላችሁት፣ ቶርታስ የማን ነው? ቃሉም የጣሊያን ነው። «ፉርኖ ዱቄት» የምንለው ፉርኖም በጣሊያንኛ ምድጃ ማለት ነው። ኦቨን የለንም እያልን ስሙን በየቤታችን በኪሎ እንገዛለን!

እኔ የጋገርኩት የቼኮችን ነው። ቼክን አብዛኞቻችን የምናውቀው ከ«የሀበሻ ጀብዱ» ደራሲ ከአዶልፍ ፓርለሳክ ነው፣ አይደል? የሰውየው አገር ሰዎች ቡብላኒና የሚሉት ኬክ አላቸው። ሊጡ ስስ ሆኖ ይዘረጋል፣ የተከፈለ ፍራፍሬ ይደረደርበታል፣ ከላይ ፍርፋሪ ይበተንበታል። ፍርፋሪው በክብደት ሁለት እጅ ዱቄት፣ አንድ እጅ ስኳርና አንድ እጅ የገበታ ቅቤ በጣት ታሽቶ ነው። በቃ! ክሬም የለ፣ አበባ የለ። አሁን ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤውን በዘይት ተኩ፣ ግን መጠኑን ቀነስ አድርጉ። ሊጡም ያለ እንቁላልና ወተት በዘይትና በውኃ ይሆናል። የኛ ኮክ ትንሽና ጠንካራ ነው ትላላችሁ፤ እሱ ነው የሚፈለገው። በጣም የበሰለው ውኃ ሆኖ ሊጡን ያበላሸዋል።

ወደ ኦቨኑ ልመለስ። እናቶቻችን ድፎ ዳቦ ሲጋግሩ ማን ኦቨን ነበረው? ኮባ ይነጠፋል፣ ከታች እሳት፣ ከላይ ክዳኑ ላይ ፍም። ይሄ ኬክም የሚፈልገው ይሄንኑ ነው። ወፍራም ድስት፣ የብረት ክዳን፣ ከታች ትንሽ ፍም፣ ከላይ በዛ ያለ፤ ፍርፋሪው የሚጠብሰው ከላይ ያለው ነውና።

ዩቲዩብ ላይ ያለውን እንዳለ ገልብጣችሁ መሃሉ የሰመጠባችሁ ደግሞ «እጄ አይሆንም» አትበሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ የቤኪንግ ፓውደሩ ጋዝ ከልክ በላይ ይለጠጣል፤ ሊጡ ገና ሳይጸና ይነፋና ይወድቃል። ከሩብ እስከ ግማሽ ቀንሱለት፣ ውኃ ትንሽ ጨምሩ። (ጋዝና ግፊት ስታጠኑ «ቲቸር ይሄ ምን ያደርግልናል?» ያላችሁኝ ልጆች፣ አላችሁ?)

ይሄን ሁሉ የምጨቃጨቀው ስለ ሆድ ብቻ አይደለም። አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ በኢንቦክስ ያጫወተችኝን ልንገራችሁ። የልጇ መዋዕለ ሕፃናት «ለልደቱ ቶርታ ይዘው ይምጡ» ብሏት ተበድራ ገዛች። በዓመቱ ግን ልጁን በልደቱ ቀን አሞታል ብላ ቤት አስቀረችው። የ5 ዓመት ልጅ በልደቱ ቀን የሌለ በሽታ ታመመ! እና እሷ ናት የምታፍረው? «ቤት የተሠራ አንቀበልም፣ ንጽሕናው አይታወቅም» ይላሉ አሉ። በየቀኑ ምሳ ዕቃ ውስጥ የሚላከው ምግብ የት ነው የሚሠራው? ወላጆች፣ ትምህርት ሳይጀመር ከአሁኑ ስብሰባ ላይ አንሱት። አንድ ወላጅ ብቻውን ሲናገር «የሌለው» ይባላል፤ አሥር ሆናችሁ ተናገሩ።

ኮኩ ሳያልቅ ሞክሩት። ልኬት የፈለገ ኢንቦክስ ያድርግ፣ እልካለሁ። ክሬሙን ምን ላይ ልቀባ ለሚለኝ ግን አልመልስም።