ጥርስ ባዳ ነው

«ጥርስ ባዳ ነው» ይላሉ አበው። ልብ እያለቀሰ ጥርስ ይስቃል ለማለት ነው። ዘንድሮ ደግሞ ጥርስ እየሳቀ ድድ የሚያለቅስበት ዘመን ላይ ደርሰናል!

የአክስቴ ልጅ ለሠርጓ ብላ ስድስት የፊት ጥርሶቿ ላይ ቪኒር አስለጠፈች። ፎቶው ያምራል፣ አልዋሽም። በአራተኛው ወር ግን ስትቦርሽ ደም፣ ዳቦ ስትገምጥ ደም፣ ትንፋሿም ተለወጠ። ወደ ሠሩላት ክሊኒክ ተመልሳ ብትጠይቅ «ትለምጂዋለሽ» አሏት። እንዴ! ጫማ ነው እንዴ የሚለመደው?

የሚደማ ድድ አይለመድም። ቪኒር ብዙውን ጊዜ ውፍረቷ ከግማሽ ሚሊ ሜትር ብዙም የማይርቅ የፖርሰሊን ቅርፊት ናት፤ ጠረጴዛ ላይ እንደሚለጠፍ ፎርማይካ ማለት ነው። ፎርማይካ ጠርዙ ካልገጠመ ምን እንደሚሆን አናጢ ጠይቁ፤ ቆሻሻ ይይዛል። ቪኒርም ጠርዟ ተርፎ ከወጣ ወይም ድድ ሥር ጠልቃ ከገባች፣ ብሩሽም ክርም የማይደርስበት የባክቴሪያ ጎሬ ትሆናለች። ድዱ ያብጣል፣ ይደማል፣ ይሸሻል። ዝም ከተባለ ጥርሱን ያቆመው አጥንት ይበላል። ቪኒሯን ለመለጠፍ የተሞረደው ኢናሜል ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም።

በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቻርለስ ፒንከስ የተባለው የካሊፎርኒያ የጥርስ ሐኪም ለሆሊውድ ተዋንያን ሲሠራላቸው ለቀረጻ ብቻ ነበር። ካሜራው ሲጠፋ ይወልቃል። የኛ ዘመን ካሜራ ግን አይጠፋም፤ ቪኒሩም አይወልቅም።

«ሰው በገንዘቡ ቢያምር ምን አገባሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ይመር! እናቶቻችንም ድዳቸውን የተነቀሱት ለውበት ነው። በደንብ የተገጠመ ቪኒር ጤነኛ ድድ ላይ ችግር የለውም። ጠቤ «በፊት» እና «በኋላ» የሚል ፎቶ ለጥፎ አራተኛውን ወር ከሚደብቀው ነጋዴ ጋር ነው። ጠቤ ከራሴ ሙያም ጋር ነው። ማስታወቂያና ዜና ይለያያሉ ተብለን ተምረን፣ ስፖንሰሩን «እንግዳችን» እያልን የጤና ፕሮግራም የምንሠራ እኛ ነን።

ስለዚህ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ድዴን መርምራችኋል? ከጥርሴ ምን ያህል ትሞርዳላችሁ? ጠርዙ የሚያርፈው ከድዴ በላይ ነው ወይስ ሥር?

መልሱ ፈገግታ ብቻ ከሆነ፣ ጥርስ ባዳ መሆኑን አስታውሱና ውጡ።