ግድግዳ ሞገድን አያግድም

«የገመድ አልባ የቤት ስልክ ሞገድ ከግቢ አያልፍም፤ መጥለፍም በሕግ ክልክል ነው፤ ስጋቱ ከንቱ ነው» የሚል ጽሑፍ አነበብኩ። ስህተት ነው፤ አንባቢንም ያዘናጋል።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ በብዛት የተሸጡት ስልኮች በ46 እና በ49 ሜጋኸርዝ ድምፅን ያለ ምንም ምስጠራ ያሰራጩ ነበር። የሬዲዮ ሞገድ የሚያስስ ስካነር የገዛ ጎረቤት ሶፋው ላይ ተቀምጦ የባልና ሚስትን ጠብ፣ በስልክ የተነገረ የባንክ ሒሳብ ቁጥርን ሳይቀር መስማት ይችል ነበር። ሕጉስ? የ1986ቱ የአሜሪካ ሕግ ይህን የሬዲዮ ግንኙነት ከጥበቃ ውጭ አድርጎት ነበር፤ ክፍተቱ የተደፈነው በ1994 ነው። ቢከለከልስ፣ ዝም ብሎ የሚያዳምጥ በምን ይታወቃል?

«አሁን ዲጂታል ነው» ማለትም ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2008 ተመራማሪዎች ዴክት (DECT) የተባሉትን ዲጂታል የገመድ አልባ ስልኮች ድክመት ሲያጋልጡ፣ ጭራሽ ሳይመሰጥሩ የሚሠሩም አግኝተዋል። አሮጌ አናሎግ ስልክ ቤታችሁ ካለ ምስጢር አታውሩበት።