ከኮምፒውተሩ ሞዴል እስከ ዶርዜ ቀርከሃ

ይህ እትም ትልልቅ የንድፍ ናሙናዎችን በዲጂታል ዘዴ በእውነተኛ መጠናቸው ሠርቶ ስለመፈተሽ ነው። በሌዘር ስለሚቆርጡና ደርበው ደርበው ስለሚያትሙ ማሽኖች በውስጥ ገጾች ታነባላችሁ። እኔ ግን ከአርባ ምንጭ ከፍ ብሎ ካለው ከዶርዜ መጀመር እመርጣለሁ።

ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ቪቶሪ ከጉምና ከጤዛ ውሃ የሚሰበስበውን የዋርካ ማማ የሙከራ ናሙና እ.ኤ.አ. በ2015 ያቆመው እዚያ ነው። ቁመቱ ወደ 10 ሜትር ይጠጋ ነበር። ቅርጹ በኮምፒውተር ቢሰላም፣ በቀርከሃ የገጣጠሙት የአካባቢው ሰዎች ናቸው።

ይህን ክፍፍል ደጋግሜ አስቤበታለሁ። ስክሪን ላይ ዘንግ ሁሉ እኩል ነው፤ የቀርከሃ አንጓ፣ ውፍረትና እርጥበት ግን ከአንዱ አንዱ ይለያያል። የት ጎብጦ የት እንደሚሰነጠቅ የሚያውቀው የዶርዜ ቤት ሠሪ ነው። እሱ የሚሠራው ቤት እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥሩ ይቆረጣል፤ እያጠረም ለአሥርት ዓመታት ይኖራል። ቦታ መቀየር ካስፈለገ ደግሞ ጎረቤት ተሰብስቦ እንዳለ ተሸክሞት ይሄዳል። ጥገናውና ዝውውሩ ገና ሲሠራ ታስቦበታል ማለት ነው።

ስለዚህ የሥነ ሕንፃ ትምህርት ቤቶቻችን ማሽን ሲገዙ ለእነዚህ ባለሙያዎችም በጀት ይያዙ፤ ለጉልበታቸው ብቻ ሳይሆን ለንድፍ ሐሳባቸውም ይክፈሏቸው።