«ሲስተም የለም»፦ ባለቤት የሌለው መልስ

በአንዲት አነስተኛ ከተማ ባንክ ወይም መሥሪያ ቤት ጠዋት ተሰልፎ የቆመ ሰው ደጋግሞ የሚሰማት አጭር መልስ አለች፦ «ሲስተም የለም።» ግብር ሊከፍል የሄደም፣ የንግድ ፈቃድ ሊያሳድስ የሄደም፣ ከዐረብ አገር የተላከለትን ብር ሊያወጣ የሄደም ይችኑ ይዞ ይመለሳል። ሠራተኛው አልዋሸም፤ ፊቱ ያለው ስክሪን እውነትም አይንቀሳቀስም። ባለጉዳዩም አይከራከርም፤ ከሲስተም ጋር እንዴት ይከራከራል? «ነገ እመለሳለሁ» ብሎ ይሄዳል። ከገጠር ቀበሌ የመጣ ከሆነ ግን ነገ ማለት ሌላ የመኪና ሒሳብ፣ ሌላ የባከነ የሥራ ቀን ነው።

የዚህች መልስ ጉልበት ባለቤት የሌላት መሆኗ ነው። ማን አቋረጠው? ለምን? መቼ ይመለሳል? ለጠፋው ቀን ማን ይጠየቃል? ሁሉም ጥያቄ አብሮ ይዘጋል። «ሲስተም የለም» የሚለው ቃል «ዝናብ ጣለ» እንደማለት ሆኗል፤ የተፈጥሮ ነገር፣ ማንም ያላደረገው፣ ማንም የማይጠየቅበት።

ነገሩ ግን የተፈጥሮ አይደለም። አገልግሎትን ወደ ኢንተርኔት ያዛወረ ውሳኔ አለ፤ ውሳኔው ደግሞ ባለቤት አለው።

በሩ ወደ ስልክ ሲዛወር

«ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው ስትራቴጂ በ2012 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ ለውጡ ፈጣን ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። በ2015 ዓ.ም. የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጣ፤ ፋይዳም የባንክና የሌሎች አገልግሎቶች መግቢያ እየሆነ መጣ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የነዳጅ ክፍያ በአዲስ አበባ በዲጂታል ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ በግንቦት ደግሞ መመሪያው ወደ መላ አገሪቱ ሰፋ። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በከፊል በኦንላይን መሰጠት ጀመረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በአዲስ አበባ ተከፈተ።

ይህን ሁሉ በደፈናው መንቀፍ አይገባም። ገንዘብ በስልክ መላክ የቻለ ነጋዴ ብር በማዳበሪያ ቋጥሮ ሌሊት መንገድ ከመሄድ ድኗል። የፈተና ውጤቱን በስልኩ ያየ ተማሪ ትምህርት ቤት በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ጋር መጋፋት ቀርቶለታል። መዝገብ ቤት ውስጥ «ፋይልህ ጠፍቷል» ተብሎ ለእጅ መንሻ የሚጋለጥ ሰውም ቁጥሩ ይቀንሳል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አዲሱ በር ሲከፈት አሮጌው በር ተዘጋ። አዲሱ በር በየጊዜው እንደሚዘጋ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

የወልዲያ ተሞክሮ

ወልዲያ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ መንገድ ላይ፣ ከአዲስ አበባ 520 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ ወደ ላሊበላና ወደ ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት የሰሜን ወሎ ዞን ዋና ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነዋሪዋ 46 ሺህ ገደማ ነበር። ዩኒቨርሲቲና ሆስፒታል አላት። የጉባላፍቶ፣ የሐብሩና የራያ ቆቦ ገበሬም ጉዳዩ ሲከብድ ወደ እሷ ነው የሚመጣው። ስለዚህ በወልዲያ «ሲስተም የለም» ከተባለ በዙሪያዋ ላሉት ወረዳዎች ሁሉ ሲስተም የለም ማለት ነው።

ይህች ከተማ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁለት ጊዜ ከዓለም ተቆርጣለች። የመጀመሪያው በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በሕወሓት ኃይሎች እጅ ከገባች በኋላ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. የቆየው ነው። ስልክም፣ መብራትም፣ ባንክም አልነበረም። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ነዋሪ በስሙ የተመዘገበ ሀብት እያለው ሊነካው አልቻለም። ያ ጦርነት ነበር፤ ጦርነት ደግሞ ሁሉን ያፈርሳል ተብሎ ይታለፍ ይሆናል።

ሁለተኛው ግን በትእዛዝ የመጣ ነው። ሐምሌ መጨረሻ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ግጭቱ ሲባባስና የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተዘጋ። በአንዳንድ ከተሞች መመለስ የጀመረው አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ነው። ቀኖቹን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል፦ ነዳጅ በመላ አገሪቱ በዲጂታል ክፍያ ብቻ ይሸጥ ከተባለ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ዲጂታሉ ራሱ በአንድ ክልል ተዘጋ። አንዱ የመንግሥት እጅ «በዚህ በር ብቻ ግቡ» ሲል ሌላው እጅ በሩን ቆለፈው። ሁለቱ ውሳኔዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ የተገናኙ አይመስሉም።

የዝምታው ዋጋ

በወሎ ከዐረብ አገር ጋር የተሳሰረ ቤተሰብ ብዙ ነው። በሳዑዲ ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ለእናቷ ድምፅዋን የምታሰማው በኢሞ ነው፤ ቀጥታ የውጭ ጥሪ ለእናቲቱም ለልጅቱም የሚቀመስ አይደለም። ዳታው ሲዘጋ እናት ልጇ ታማ ይሁን፣ አሠሪ ከልክሏት ይሁን፣ መንገድ ላይ ተይዛ ይሁን አታውቅም። ልጅም በበኩሏ ስለ አገሯ የተኩስ ወሬ ትሰማለች፤ እናቷ በሕይወት መኖሯን ግን የምታረጋግጥበት መንገድ የላትም። ይህን በየትኛውም የኢኮኖሚ ኪሳራ ሰንጠረዥ ውስጥ ማስገባት አይቻልም።

ሌላውም አለ። ባለ ባጃጁ ማደያ ቆሞ የሚከፍልበት ያጣል። በስልኩ የጅምላ ዋጋ እየጠየቀ ዕቃ የሚያመጣው ነጋዴ ደሴ ድረስ ካልሄደ ዋጋ አያውቅም። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚሠራ ተማሪ ገመድ መስመር ያለው ሆቴል ፍለጋ ይንከራተታል። የሞባይል ኢንተርኔት በተዘጋባቸው የክልሉ ከተሞች ገመድ መስመር ያላቸው ባንኮች፣ መሥሪያ ቤቶችና ሆቴሎች ብቻ ደሴት ሆነው ነበር። አንድ ሻይ አዝዞ ሰዓታት የሚቀመጥ ወጣት የገዛው ሻዩን አልነበረም። ሻይ የሚገዛበት ያጣው ደግሞ ደጅ ቀረ።

በዚያ ጊዜ አንድ ትምህርት ሳይታወቅ ተገኝቷል። ቴሌብር ያለ ዳታ፣ በ*127# አጭር ቁጥር ይሠራል። የስልክ ጥሪ ባልተቋረጠበት ቦታ ሁሉ ይህ አሮጌ ቴክኖሎጂ ብዙ ሰው አድኗል። ማንም ለክፉ ቀን ብሎ በሕግ ያዘዘው አይደለም፤ ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው የተተወ መንገድ ነበር። የተተወው መንገድ ዋናው መንገድ ሲዘጋ መሸሻ ሆነ። ሁለተኛ በር ማለት ይህ ነው፤ የሚጠየቀውም ይኸው በር በሕግ እንዲኖር ነው።

ሽፋንና ተጠቃሚነት ለየቅል ናቸው

መዘጋት ባይኖር እንኳ አነስተኛ ከተማ «ኔትወርክ አላት» የሚለው ቃል ብዙ ይሸፍናል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ነው። የሽፋን ካርታ ላይ ከተማዋ በሙሉ ቀለም ተቀብታለች። መብራት ሲጠፋ ግን ማማው በባትሪ ጥቂት ሰዓታት ይቆይና ይደክማል። መንገድ ሲቆፈር ፋይበር ይበጠሳል። ስማርት ስልክ መግዣ የሌለው፣ የዳታ ጥቅል የሚከብደው፣ ማመልከቻውን በእንግሊዝኛ ማንበብ የማይችለው ሁሉ ካርታው ላይ አለ፤ አገልግሎቱ ላይ የለም። በዓለም አቀፉ የቴሌኮም ኅብረት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ኢንተርኔት የሚጠቀመው ሕዝብ ከአምስት አንድ እንኳ አይሞላም ነበር። አገልግሎትን በኢንተርኔት ብቻ ማድረግ ማለት እንግዲህ ለጥቂቱ አፋጥኖ ለብዙኃኑ «ደላላ ፈልግ» ማለት ነው። ደላላውም አለ፦ በየመሥሪያ ቤቱ አጥር ሥር ላፕቶፕ ዘርግቶ ፎርም የሚሞላ ወጣት። ሥራው ነውር የለበትም። ይሁንና መንግሥት በነፃ ሊሰጠው የሚገባ አገልግሎት በር ላይ ዋጋ ወጥቶለታል።

ሁለተኛ ኦፕሬተር መግባቱም ለዚህ ሙሉ መፍትሔ አይሆንም። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መባቻ ሥራ ሲጀምር ውድድር ይመጣል ተብሎ ነበር፤ በዋጋና በጥራት ረገድ ውድድር ይጠቅማል። ዝጉ የሚል ትእዛዝ ሲመጣ ግን ለሁለቱም ይመጣል።

«ጸጥታስ?»

የመንግሥት መከራከሪያ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። በማኅበራዊ ሚዲያ የተለቀቀ የሐሰት ወሬ ሰው እንደሚያስገድል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። ሰኔ 2012 ዓ.ም. የሃጫሉ ሁንዴሳን መገደል ተከትሎ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ የቀረበው ምክንያት ይኸው ነበር፤ የጠፋው ሕይወትም እውነት ነበር።

ጥያቄው መዝጋት ወሬን ያቆማል ወይ ነው። የተዘጋባት ከተማ ነዋሪ ስለ ራሱ ከተማ የሚሰማው ከሌላ ቦታ ነው። በውጭ አገር ያለ ሰው በዩቲዩብ «ወልዲያ እንዲህ ሆነች» ሲል እዚያው ያለው ነዋሪ «ውሸት ነው፤ እኔ እዚህ ነኝ» የሚልበት መንገድ የለውም። ወሬው ይቀጥላል፤ የሚጠፋው አስተባባዩ ነው። የትግራይ ሕዝብ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ከግንኙነት ተቆርጦ ሲቆይ ሰላም አልመጣለትም፤ የሆነበትን የሚናገርበት መንገድ ግን ጠፋበት።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃና ሐሳብ የመሻት፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነትን ደንግጓል። ገደብ ሊጣልበት ይችላል፤ ገደቡ ግን በሕግ መሆን አለበት። ሌሎች አገሮች ይህን ክርክር ፍርድ ቤት አድርሰውታል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 እ.ኤ.አ. የካሽሚርን ጉዳይ ሲመለከት ኢንተርኔት የሚዘጋ ትእዛዝ ይፋ መደረግ እንዳለበትና ላልተወሰነ ጊዜ ሊሆን እንደማይችል ወስኗል። በዚያው ዓመት የምዕራብ አፍሪካው ኢኮዋስ ፍርድ ቤት ቶጎ በ2017 እ.ኤ.አ. ያደረገችውን መዝጋት ሕገ ወጥ ብሎ ለከሳሾቹ ካሳ ፈርዷል። ቶጎ ከኢትዮጵያ የምታንስ አገር ናት፤ ዜጎቿ ግን «ማን ዘጋው?» ብለው የጠየቁበት ችሎት አግኝተዋል።

ምን ይደረግ?

1ኛ፦ ሁለተኛ በር በሕግ ይኑር። አገልግሎቱን ዲጂታል ብቻ ያደረገ ማንኛውም ተቋም ሲስተም ሲጠፋ የሚሠራበትን አማራጭ ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ፦ አጭር ቁጥር፣ የወረቀት ፎርም፣ ኋላ ወደ ሲስተም የሚገባ መዝገብ። መስመር በጠፋባቸው ቀናት የግብርም ሆነ የእድሳት ቀነ ገደብ አይቁጠር። ሲስተም ባጠፋው ቀን ዜጋ መቀጫ አይክፈል።

2ኛ፦ የመቋረጥ መዝገብ ለሕዝብ ይገለጥ። በየትኛው ከተማ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ በምን ምክንያት እንደተቋረጠ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በየወሩ ያውጣ። ያልተመዘገበ ነገር አይጠገንም። ጥቅል ገዝቶ ሳይጠቀም ቀኑ ያለፈበት ደንበኛም ጥቅሉ ይመለስለት።

3ኛ፦ መዝጋት ግድ ሆኗል ከተባለ ማን እንዳዘዘ፣ የትኛውን ቦታ እንደሚመለከትና መቼ እንደሚያበቃ በይፋ ይነገር፤ ለፍርድ ቤትም ይቅረብ። ሆስፒታል፣ ባንክና የገንዘብ ዝውውር ከመዝጊያው ውጭ ይሁኑ።

ከከተማ አስተዳደሮችም የሚጠበቅ አለ። በኮሪደር ልማት ስም አስፋልት ሲቆፈር የቴሌኮም መስመር መቅበሪያ ቱቦ አብሮ ይቀበር፤ ያኔ በየወሩ የሚበጠስ ፋይበር ይቀንሳል። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትና የወጣት ማዕከል ገመድ መስመር ያግኙ፤ ያኔ ተማሪው በሻይ ዋጋ መስመር አይለምንም። ይህ ሚኒስትር የሚጠብቅ ሥራ አይደለም፤ ከንቲባ የሚችለው ነው።

የሚጠየቀው የተራቀቀ ነገር አይደለም። ፀሐይ ላይ ለተሰለፈ ሰው ሠራተኛው በመስኮቱ ብቅ ብሎ «ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መስመር ተቋርጧል፤ ምክንያቱ ይህ ነው፤ በዚህ ፎርም እንመዘግብዎታለን፤ ቀንዎ አይቃጠልም» እንዲለው ነው። ይህን ማለት ያልቻለ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ቢደረድር፣ በሩ ላይ «ዲጂታል» ብሎ ቢጽፍም ያው የድሮው መሥሪያ ቤት ነው፤ «ነገ ተመለስ» የሚለውን መልስ ብቻ ወደ ስክሪን አዛውሮታል።