የቫይረሱ መጠን ወርዷል፤ የደም ስኳሩስ?

በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳው ጉዳይ ኤች አይ ቪ በደማቸው ውስጥ የሚገኝ ወገኖቻችንን ይመለከታል። ጉዳዩ ግን ስለ ቫይረሱ ሳይሆን ስለ ስኳር ነው።

በአገራችን ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ዛሬ መድኃኒቱን በአግባቡ በሚወስድ ሰው ደም ውስጥ የቫይረሱ መጠን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ይወርዳል። ሰውየው ሠርቶ ይኖራል፣ ልጆቹን ያሳድጋል፣ ዕድሜም ይጠግባል። ያኔ በ30 ዓመቱ ሕክምና የጀመረ ሰው ዛሬ 50 ዓመት ሞልቶታል። ይህ ትልቅ ድል ነው። ነገር ግን ከዕድሜ ጋር የሚመጡት የስኳር ሕመም፣ የደም ግፊትና የልብ ሕመም ለእነዚህ ወገኖችም አይቀሩላቸውም። እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ቀድመው ይመጣሉ። ስለዚህ የኤች አይ ቪ ክትትላችን የቫይረሱን መጠን በመለካት ብቻ መወሰን የለበትም ብዬ አምናለሁ።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኢንሱሊን ቆሽት የሚያመነጨው ንጥረ ነገር ነው። ከምግብ የተገኘው ስኳር ከደም ወጥቶ ወደ ጡንቻና ወደ ሌሎች የሰውነት ክፍሎች እንዲገባ በር ይከፍታል። አንዳንድ ጊዜ ግን ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት ትእዛዙን አልቀበል ይላል። ቆሽትም ተጨማሪ ኢንሱሊን እያመነጨ ጉድለቱን ለማካካስ ይታገላል። ይህ ትግል ምንም ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። በመጨረሻ ቆሽት ሲደክም የደም ስኳር ከፍ ይላል፤ ያኔ የስኳር ሕመም ተከሰተ እንላለን።

ይህ ችግር በማንም ሰው ላይ ሊደርስ ይችላል። ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ግን ተጨማሪ ምክንያቶች አሉ። አንደኛው ቫይረሱ ራሱ ነው። በመድኃኒት ቢገታም እንኳ የሰውነት መከላከያ ኃይል ዝቅ ባለ ደረጃ እንደተቆጣ ይቆያል፤ ይህም የኢንሱሊንን ሥራ ያውካል። ሁለተኛው ቀደም ሲል ይሰጡ የነበሩ መድኃኒቶች የተዉት ጠባሳ ነው። ለምሳሌ ስታቩዲን የተባለው መድኃኒት የፊትን፣ የእጅንና የእግርን ስብ እያሟጠጠ መልክ ይለውጥ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2009 ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ እንዲቀር መክሯል። እንደ ሎፒናቪር ያሉ መድኃኒቶችም በተወሰነ ደረጃ የኢንሱሊንን ሥራ ያደናቅፋሉ።

ዛሬ አብዛኛው ታካሚ የሚወስደው ዶሉተግራቪር ያለበትን መድኃኒት ነው። ይህ መድኃኒት ቫይረሱን በመግታት ረገድ እጅግ ውጤታማ ነው፤ ለአብዛኛው ሰውም የሚስማማ ነው። ይሁን እንጂ በደቡብ አፍሪካና በካሜሩን የተካሄዱና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆኑ ጥናቶች መድኃኒቱን ከጀመሩ ሰዎች መካከል ክብደታቸው በጉልህ የሚጨምር እንዳሉ፣ ይህም በሴቶች ላይ እንደሚበረታ አሳይተዋል። በሆድ ዙሪያ የሚጠራቀም ስብ ደግሞ ሰውነት ለኢንሱሊን እንዳይታዘዝ ከሚያደርጉት ዋነኛ ምክንያቶች አንዱ ነው።

እዚህ ላይ በአገራችን ያለውን አንድ ነገር ልብ እንበል። በዚያ በክፉው ዘመን መክሳት የበሽታው ምልክት ነበር። አንድ ሰው ሲከሳ ጎረቤት ይንሾካሾክ ነበር። ከዚህ የተነሳ ብዙ ታካሚዎች ዛሬም ወፍረው መታየትን እንደ መጠለያ ይቆጥሩታል። «ክብደትዎን ትንሽ ይቀንሱ» ሲባሉ «ሰው ምን ይለኛል?» ብለው ይሰጋሉ። ቤተሰብም በፍቅር አጥሚቱን፣ ቅቤውንና ማሩን ያቀርባል። ስጋቱ የሚገባ ነው፤ መነሻውም መገለል ነው። ነገር ግን ወገብን ያሰፋ ውፍረት የጤንነት ማረጋገጫ አይደለም።

የዚህ ተቃራኒም አለ። የስኳር ሕመም ሲጸና ሰውን ያከሳል፣ ያስጠማል፣ ሌሊት ደጋግሞ ለሽንት ያስነሳል። ታካሚው ታዲያ «መድኃኒቱ አልሠራልኝም፣ ቫይረሱ ተነሳብኝ» ብሎ ተስፋ ሊቆርጥ ይችላል። እንዲህ ያለ ምልክት ካለ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ፤ የደም ስኳርም እንዲለካልዎ ይጠይቁ። በተጨማሪም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በሳንባ ነቀርሳ የመያዝ ዕድሉ ከሌላው ሰው ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። ኤች አይ ቪ ላለበት ሰው ደግሞ ሳንባ ነቀርሳ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ታዲያ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒትዎን በራስዎ ውሳኔ አያቋርጡ። ክብደት ጨመርኩ ብሎ መድኃኒት ማቆም አይጥ አገኘሁ ብሎ ቤት እንደማቃጠል ነው። የሚለወጥ መድኃኒት ካለ የሚለውጠው ሐኪምዎ ነው።

ሁለተኛ፣ ይመርመሩ። ሌሊቱን ሳይመገቡ ጠዋት በሚሰጥ ደም የስኳር መጠን ከ100 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ጤናማ ነው። ከ100 እስከ 125 ከሆነ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ገና መመለስ የሚቻልበት ደረጃ ነው። 126 እና ከዚያ በላይ ሆኖ በድጋሚ ምርመራ ከተረጋገጠ የስኳር ሕመም ነው። የሦስት ወር አማካይ የስኳር መጠንን የሚያሳየው ምርመራ ኤች አይ ቪ ባለባቸው ሰዎች ላይ ከእውነተኛው ዝቅ ያለ ውጤት ሊሰጥ ስለሚችል በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ወገብዎን ይለኩ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም። በቁመትዎ ልክ ክር ይቁረጡና ለሁለት ይጠፉት። የታጠፈው ክር እምብርትዎ አካባቢ ወገብዎን ካልዞረ የሆድ ስብ በዝቷል ማለት ነው።

አራተኛ፣ ማዕድዎን ያስተካክሉ። ምስሩ፣ ሽሮው፣ ባቄላው፣ ጎመኑ ወዳጆችዎ ናቸው። ሊቀነስ የሚገባው ለስላሳ መጠጥ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚገባበት ሻይ፣ ነጭ ዳቦ፣ እንዲሁም በአንድ ማዕድ ላይ ሩዙን፣ ፓስታውንና እንጀራውን መደራረብ ነው። በሳምንት ለአምስት ቀናት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ፈጠን ብሎ መራመድ ብቻውን ጡንቻን ለኢንሱሊን ታዛዥ ያደርገዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ ይፋ የሆነ ታዋቂ ጥናት ለስኳር ሕመም የተጋለጡ ሰዎች በእንቅስቃሴና በአመጋገብ ክብደታቸውን በመጠኑ ሲቀንሱ በሕመሙ የመያዝ ዕድላቸው በ58 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

አምስተኛ፣ ሜትፎርሚን የተባለው የስኳር መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ዶሉተግራቪር እንደሚወስዱ አይደብቁ። ዶሉተግራቪር የሜትፎርሚንን መጠን በደም ውስጥ ከፍ ስለሚያደርግ አብዛኛውን ጊዜ በቀን ከ1 ሺህ ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ይደረጋል። ሁለቱን መድኃኒቶች በሁለት የተለያዩ ተቋማት የሚወስዱ ከሆነ ይህን የሚያገናኘው የእርስዎ አንደበት ነው።

የመጨረሻው ቃሌ ለእኛ ለባለሙያዎችና ለጤና አመራሮች ነው። ሁኔታቸው የተረጋጋ ታካሚዎች መድኃኒታቸውን በየስድስት ወሩ እንዲወስዱ መደረጉ መልካም አሠራር ነው፤ ከእንግልት አድኗቸዋል። ይህ ማለት ግን ታካሚውን የምናገኘው በዓመት ሁለት ቀን ነው ማለት ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ክብደት፣ ወገብና የደም ግፊት ሳይለካ፣ በዓመት አንድ ጊዜም የደም ስኳር ሳይታይ መድኃኒት ብቻ አስረክቦ መሸኘት አይገባም። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒቱ በነፃ እየተሰጠ የስኳር ምርመራውን በአቅም ማጣት ምክንያት የሚተው ታካሚ ካለ ያገኘነው ድል ጎዶሎ ነው። ሰውን ከኤች አይ ቪ ሞት ታድጎ ለልብ ሕመምና ለኩላሊት ድክመት መስጠት የለብንም። የኤች አይ ቪው ክፍልና የስኳር ክፍሉ በአንድ ግቢ ውስጥ ሆነው ታካሚው በሁለት ካርድ፣ በሁለት ሰልፍ የሚንገላታበት አሠራርም ሊያበቃ ይገባል።

እርስዎም በሚቀጥለው ቀጠሮዎ «የቫይረሱ መጠን ስንት ሆነ?» ብለው ሲጠይቁ «የደም ስኳሬስ?» የሚለውን ይጨምሩበት። መጠየቅ መብትዎ ነው።

መልካም ጤንነት!