አብራሪው ሲያንቀላፋ ማን ይጠየቃል?

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ከካርቱም ወደ አዲስ አበባ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737-800 አውሮፕላን፣ የበረራ ቁጥሩ 343፣ መውረድ በሚገባው ጊዜ ሳይወርድ ቀረ። በ37,000 ጫማ ከፍታ ላይ እንዳለ የቦሌን ማረፊያ አልፎ ሄደ። የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪዎች ደጋግመው ቢጠሩም መልስ አላገኙም። ሁለቱም አብራሪዎች እንቅልፍ ወስዷቸው እንደ ነበርና የነቁትም አውቶፓይለቱ ሲላቀቅ በጮኸው የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንደ ሆነ በዓለም ዙሪያ ተዘገበ። አውሮፕላኑ ከ25 ደቂቃ ያህል በኋላ በሰላም አረፈ። አየር መንገዱ በበኩሉ ባወጣው መግለጫ ግንኙነቱ ለጊዜው ተቋርጦ እንደ ነበር ገልጾ፣ አብራሪዎቹ ምርመራው እስኪጠናቀቅ ከሥራ መነሣታቸውን አስታወቀ።

ውድ አንባቢ፣ ይህን ስትሰማ «የስንቱን ሰው ነፍስ ይዞ እንዴት ይተኛል?» ብለህ ሳትቆጣ አልቀረህም። ቁጣህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ የሚቀድም ጥያቄ አለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ስንት ሰዓት ሠሩ? ስንት ሰዓትስ ተኙ? የሥራ ፕሮግራማቸውን ያወጣው ማን ነው?

እንቅልፍ በወኔ አይሸነፍም

በአሪቻና በይርጋጨፌ አካባቢ የምትኖሩ ወገኖች ይህን ለመረዳት አውሮፕላን መሳፈር አያስፈልጋችሁም። ቡና ጭኖ በዲላ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሌሊቱን የሚነዳ ሾፌር ጫት እየቃመ፣ መስኮት እየከፈተ፣ ፊቱን በውኃ እያራሰ ከእንቅልፉ ጋር እንደሚታገል ታውቃላችሁ። ሰው ጨዋና ሥራ ወዳድ ስለ ሆነ እንቅልፍ አይምረውም። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው በደሙ ውስጥ 0.05 ከመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው ያህል እንደሚቀንስ አሳይቷል። መጠጥ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ሰው በእንቅልፍ ማጣት ብቻ እንደ ጠጣ ሰው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከዚህም በላይ ሰውነታችን ከሌሊቱ 8 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ድረስ እጅግ ይዝላል። የረጅም ርቀት በረራዎች ብዙውን ጊዜ የሚካሄዱት ደግሞ በዚሁ ሰዓት ነው።

በእርግጥ በረጅም በረራ ላይ ተጨማሪ አብራሪዎች ስለሚመደቡ በየተራ ይተኛሉ። እንደ ካርቱም ባለው አጭር መስመር ግን ያሉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ የሚተካቸው የለም።

ከአደጋ በኋላ የሚወጣ ሕግ

ጥር 17 ቀን 2002 ዓ.ም. ከቤይሩት እንደ ተነሣ ባሕር ውስጥ የወደቀውን በረራ 409 አንረሳውም፤ 90 ሰዎች አልቀዋል። የሊባኖስ መርማሪዎች ዋናውን ምክንያት በአብራሪዎቹ ላይ ቢያደርጉም አንድ ሌላ ነገር ጠቅሰዋል። ዋና አብራሪው ለእርሱ አዲስ በሆነ የአውሮፕላን ዓይነት በ51 ቀናት ውስጥ 188 ሰዓት፣ በአነስተኛው የዕረፍት መጠን መብረሩ ሥር የሰደደ ድካም ሳያስከትልበት እንዳልቀረ ጽፈዋል። አየር መንገዱ ሪፖርቱን አልተቀበለውም።

በአሜሪካም በ2009 እ.ኤ.አ. በቡፋሎ አቅራቢያ 50 ሰዎች ከሞቱበት አደጋ በኋላ ሕጉ ጠበቀ። ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የመንገደኞች አውሮፕላን አብራሪ ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖረው፣ ከዚያም ውስጥ 8 ሰዓት ሳይቋረጥ መተኛት የሚችልበት ጊዜ እንዲሆን ተደንግጓል።

ቢሆንም ዕረፍት ተሰጠ ማለት ሰው ተኛ ማለት አይደለም። በጥር 2024 እ.ኤ.አ. በኢንዶኔዥያ ሁለት አብራሪዎች 153 መንገደኞችን እንደ ያዙ ለ28 ደቂቃ ያህል ተኝተው ነበር። ረዳት አብራሪው አንድ ወር የሆናቸው መንትዮች ስለ ነበሩት ሌሊት በቂ እንቅልፍ አላገኘም ነበር። እንግዲህ አብራሪውም የራሱ ኃላፊነት አለበት፤ በቂ እንቅልፍ ካላገኘ መናገር ይገባዋል።

«ደክሞኛል» የሚል ሰው

ትልቁ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አየር መንገዶች ሰዓት ከመቁጠር አልፈው ድካምን ራሱን እንዲከታተሉ የሚያስችል ሥርዓት አስፍሯል። ሥርዓቱ የሚሠራው ግን አብራሪው ያለ ፍርሃት መናገር ሲችል ነው። «ደክሞኛል» ማለት ዕድገቱን ወይም እንጀራውን የሚያሳጣው ከመሰለው ዝም ብሎ ይሳፈራል። ሁለት ሰዎችን ከሥራ ማንሣት ቀላል ነው፤ ያው ፕሮግራም ካልተለወጠ ግን በቦታቸው የሚተኩትም ያንኑ ድካም ይወርሳሉ። ስለዚህ ምርመራ ሲደረግ የአብራሪው ስም ብቻ ሳይሆን የወሩ የሥራ ፕሮግራምም ጠረጴዛው ላይ ሊቀርብ ይገባል።

የእኛስ ድርሻ?

አብራሪዎቹ ሰዓታቸውን ስለ ጨረሱ በረራ ዘገየ ሲባል እንደ ባለጉዳይ ከመጮህ እንታገሥ። መዘግየቱ ለእኛው ደኅንነት ነው።

በቤታችንም እንጀምር። ከአዳር ጸሎት በኋላ መዘምራኑን አሳፍሮ በማለዳ ወደ አሪቻ ወይም ወደ ዲላ የሚመለሰው ሾፌር አብሮን ሲጸልይ ያደረ ወንድም አይደለምን? ፕሮግራሙን ስታወጡ የእርሱንም እንቅልፍ ቁጠሩ። ወይ ሌሊቱን ይተኛ፣ ወይ ጉዞው እስከ ከሰዓት ይቆይ። «ደክሞኛል» ካለም አመስግኑት እንጂ አትገሥጹት።